በደንባችን ሦስት ሰዓት

መጋቢት 2፣ 2016፣ ጂንካ

ፈረቃ ተሰጠን። ከዓመት በላይ ስንለምነው የከረምነው የውጭ አገር ላብራቶሪ አክስለሬተሩን፣ ፕሮቶን የሚያፈጥነውን ማሽን፣ በዚህ በልግ ለጥቂት ቀናት ሊያውሰን ፈቀደ። መሄድ አያስፈልገንም፤ ለመሄድማ ቪዛውን ማን ሰጥቶን። እዚሁ ቢሮዬ ቁጭ ብለን በኢንተርኔት እናዛለን፣ እነሱ ይተኩሳሉ።

ለዮርዳኖስ ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የዩኒቨርሲቲያችን የፊዚክስ ክፍል መምህርት ናት፣ የጂንካ ልጅ፤ የዶክትሬት ሥራዋን የማማክራት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት የለፋችው ለዚህ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ፕሮቶን እጅግ ስስ በሆነ ካርቦን ላይ ይተኮሳል፤ ነጥረው የሚመለሱት ይቆጠራሉ። ኢነርጂውን ትንሽ በትንሽ እየጨመርክ ስትሄድ ቆጠራው በድንገት የሚናወጥበት ቦታ ይመጣል። ሬዞናንስ የምንለው ይህን ነው፤ ፕሮቶኑና ካርቦኑ ለቅጽበት አንድ ሆነው ይቆዩና ይለያያሉ። ሰፊውን ሬዞናንስ ዓለም ያውቀዋል። ዮርዳኖስ የምትፈልገው ጠባቡን ነው። እርምጃህ ትንሽ ከሰፋ ዘለኸው ታልፋለህ፤ እንዳለፍከውም አታውቅ።

የትምህርት ጊዜዋ ሰኔ ላይ ያልቃል። ጠባቡ ከተለካ ትጨርሳለች። ካልተለካ ማራዘሚያ ልትለምን ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ማራዘሚያ ያገኘ ሰው አላየሁም።

መጋቢት 5

የቢሮዬ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። "እዚህ ክፍል ውስጥ ሰዓት ማለት የፈረንጅ ሰዓት ነው።" ላብራቶሪው የሚልክልን በፈረንጅ ነው። እሱን ወደ ሐበሻ፣ ሐበሻውን መልሰን ወደ ፈረንጅ ስንገለብጥ አንድ ቀን ጉድ እንሆናለን። ስለዚህ ስለ ፈረቃ ስናወራ፣ በስልክም ቢሆን፣ በፈረንጅ ብቻ።

ዮርዳኖስ ሳቀች። "እናቴ ቤት ምሳ በሰባት ነው። እዚህ ስገባ በአንድ ልበላ ነው?"

"ደንብ ደንብ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ "ደንባችን" ትለው ጀመር።

ሌላም ነገር ጠይቃኛለች። "የኔንም ኢሜይል ስጣቸው እንጂ። ምናልባት አንተ ባትኖር።" ሁለት ሰው ሲጻጻፍ ነገር ይደባለቃል ብዬ አለፍኩት። ለሥርዓት ነው።

መጋቢት 19

ሰፊው ሬዞናንስ ተለካ! በሁለት ፈረቃ። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ሰዓቴን እያየሁ ቆየሁ። ቆጠራው ማሻቀብ ሲጀምር ዮርዳኖስ እጅጌዬን ያዘች፣ ወዲያው ለቀቀችው። ለምን ይህን እንደምጽፍ አላውቅም።

ስንወጣ አከራዬ አሚራ ሱቋ በር ላይ ነበረች። የወሎ ሰው ናት፤ ጂንካ ከገባች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ አፏ ግን ገና ከደሴ አልወጣም። ዮርዳኖስ "በል ደህና እደር፣ ነገ እንገናኝ" ብላኝ ስትሄድ አሚራ በዓይኗ ሸኘቻት።

"መምህርዬ፣ እቺ ልጅ አንተ እያለች ነው የምትጠራህ?"

"እኔ ነኝ በይ ያልኳት። አንድ ሥራ ነው የምንሠራው።"

"እንዲያ ከሆነ ደግ ነው" አለችና ስኳሯን መመዘን ቀጠለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሚያዝያ 3

ከማጎ ፓርክ ማዶ ወዳለችው የወረዳ ከተማ፣ ወደ ሃና፣ ሂድ ተባልኩ። ለማኅበረሰብ አገልግሎት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለፈተና ለማዘጋጀት። የኛ የመጨረሻ ፈረቃ፣ የጠባቡ፣ ገና ሚያዝያ 16 ነው። ከዚያ በፊት እመለሳለሁ። ዮርዳኖስ ስሌቷን ለሦስተኛ ጊዜ እየከለሰች ነው፤ የት ጋ እንደምናገኘው በጥፍር ስፋት ወስናለች። እኔ ትንሽ ወደ ላይ ነው ባይ ነኝ። አልተስማማንም።

ሚያዝያ 8፣ ሃና

በችኮላ። ኔትወርክ ያለው ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ፣ ዛፉ ሥር ብቻ ነው። ስልኬን ስከፍት ኢሜይል ገባ። ሌላ ቡድን ተሰናክሎ ፈረቃችን ወደ ነገ ተስቧል። ነገ! ዮርዳኖስን በሁለተኛው ሙከራ አገኘኋት። ነገርኳት። ሾፌራችን ኤርጎ መኪናውን አስነስቶ ክላክስ ያደርጋል፣ የወረዳው ሰዎች ስብሰባ ይጠብቁኛል። ሄድኩ።

ሚያዝያ 9፣ ሃና

ዛፉ ሥርም ኔትወርክ የለም። ለልጆቹ ስለ ሞገድ ሳስተምር ዋልኩ። አንዱ ልጅ "ማዕበል ማለት ነው?" አለኝ፤ ኦሞ ሲሞላ ያየ ሰው ነው። ልቤ ግን ጂንካ ነው ያለው። አሁን ጨርሳለች። አሁን ጠባቡን አይታዋለች፣ ወይም አላየችውም።

ሚያዝያ 11፣ ጂንካ

መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ማጎ ፓርክ ውስጥ ሁለቴ ተይዘን ሲመሽ ገባን።

ዮርዳኖስ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። መብራቱን አላበራችም።

"ሦስት ሰዓት ነበር ያልከኝ" አለች።

"አዎ፤ ሦስት ሰዓት።"

"ከሦስት ቀድሜ ገባሁ። ጨርሰው እየዘጉ ነበር። የት ነበራችሁ አሉኝ።"

ያኔ ገባኝ። ፈረቃው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ነበር፣ በኛ። እሷ የፈረንጁን ሦስት ይዛ፣ በኛ ዘጠኝ ሊሆን ሲል መጣች። ሰዎቹ ጠብቀው ጠብቀው፣ ኢነርጂውን የሚወስንላቸው ሲያጡ ሌላ ሥራ ሠርተው ዋሉ።

መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። እኔ በግልጽ ነው የነገርኳት። ጠዋት ስልክ ብትሞክርልኝስ? ከጠዋት ጀምራ ብትቀመጥስ ምን ነበረበት? ይህን ጮክ ብዬ አልኳት መሰለኝ፤ ምክንያቱም "ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሚያዝያ 14

ላብራቶሪውን ለመንኳቸው። እስከ ሐምሌ ድረስ ቦታ የላቸውም፤ ሐምሌም ምናልባት ነው። ለኛ ዩኒቨርሲቲም ዘገባ ልከዋል። "ከቡድኑ በቦታው የተገኘ ሰው አልነበረም።" አንድ መስመር ናት። ስም የለባትም፣ ግን ሁሉም የማን ፈረቃ እንደነበር ያውቃል።

ኢሜይሉ ለሁለታችን ቢመጣ ኖሮ ይህ ባልሆነ። ለሥርዓት ነበር እንጂ እኔ ምን ክፋት አስቤ።

ሚያዝያ 20

ሥራ የለም። በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ተገንጥሏል። ነፋስ ይሆናል።

ሚያዝያ 30

ፋሲካ ሆኖ አለፈ። የዮርዳኖስ እናት እትዬ የሺመቤት እንደ አምናው ይጠሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጠሩኝም። ዶሮውን አሚራ ገዝታ ሰጥታት ክርስቲያን ጎረቤቷ ሠርታ አመጣችልኝ፤ አሚራ እኔ ብቻዬን መዋሌን ሰምታ ነው አሉ። ማታ ላመሰግናት ሱቋ ገባሁ። ሁለት ሴቶች ሳሙና ሊገዙ ቆመው "ያቺ የፊዚክሷ ልጅ ተኝታ አረፈደች አሉ፤ ማሽኑ ያለ ሰው ሲሠራ ዋለ" ይባባላሉ። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

አሚራ እነሱ ከወጡ በኋላ "እውነት ተኝታ ነው?" አለችኝ።

"የሰዓት መሳሳት ነው። በስልክ ተነጋግረን አልተግባባንም።"

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች። ቆይታ ደግሞ "ወለምታው የማን አፍ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ክብሪት ገዝቼ ወጣሁ። ክብሪት አያስፈልገኝም ነበር።

ግንቦት 6

ኮሚቴ ዋልን። ነገ እጽፈዋለሁ።

ግንቦት 7

ልጻፈው። የዮርዳኖስ ማራዘሚያ አምስተኛው አጀንዳ ነበር። ዲኑ ወልደሰማያት ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን በጀት ከላይ ተቆርጦበት የሚቀንስበት ሰበብ ፍለጋ ላይ ነበር። የላብራቶሪውን ዘገባ አነበበ። "በቦታው የተገኘ ሰው አልነበረም" የምትለዋን ሁለቴ አነበባት። ዮርዳኖስ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ነበር፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ስሌቷን በፎልደር ይዛ። ስሌቱን የጠየቃት የለም።

"ወይዘሪት ዮርዳኖስ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አላት።

"ሰዓቱን የተረዳሁት በሌላ ነው" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጠብቃኝ ነበር። ዓይኗን አላነሳችም፣ ግን እየጠበቀችኝ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ወልደሰማያት ወደ እኔ ዞረ። "ዶክተር ሙሉቀን፣ ሰዓቱን ነግረዋታል ወይስ አልነገሯትም?"

"ነግሬያታለሁ" አልኩ።

አልዋሸሁም። ነግሬያታለሁ። ከዚያ በኋላ የምለው ነበረኝ፤ በየትኛው ሰዓት፣ ደንቡ የማን እንደሆነ፣ ኢሜይሉ ለምን ለእኔ ብቻ እንደመጣ። ለመቀጠል አየር ሳብኩ። ወልደሰማያት ግን "ጥሩ" ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ገጽ ገለበጠ። እጄን ማውጣት እችል ነበር። ስድስተኛው አጀንዳ የወንበር ግዢ ነበር፤ በወንበር ግዢ ላይ እጄን አውጥቼ ተናግሬአለሁ።

ማራዘሚያው ተከለከለ። ደመወዟን የምታገኘውም ሙሉ የማስተማር ጭነት ከያዘች ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ ተከተልኳት። "ዮርዲ፣ እንነጋገር" አልኳት። ዞር አለች። "ደክሞዎታል ዶክተር፣ ይረፉ" አለችኝ። ደክሞዎታል። ይረፉ። ሰው ሰምቶን ቢሆን እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ይላል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 12

ነግሬያታለሁ። ነግሬያታለሁ። እውነት ነው። ታዲያ ለምን ደጋግሜ እጽፈዋለሁ?

ግንቦት 21

ከኤርጎ ጋር ቀይ አፈር ሄደን ነበር፣ ለትምህርት ቤት ጉብኝት። ኤርጎ የአሪ ሰው ነው፤ መኪና ውስጥ ዝም ማለት አይወድም። ቁልቁለቱን እየወረድን ሳለ በሳቅ ጀመረ።

"መምህር፣ እሱ ቀን ሃና ላይ ስልክ ስታወራ፣ ደንብ ደንብ ስትሉ፣ እኔ የትራፊክ ደንብ መስሎኝ ደንግጫለሁ። ክላክስ ስላበዛሁ ከሰሰኝ ብዬ።"

"ምን ስንል ሰማህ?"

"እሷ በስልክ ትጮሃለች፣ ድምፁ ውጭ ይሰማል። 'የቀን ነው የሌሊት' አለች። አንተ 'የቀን' አልክ። እሷ 'በደንባችን?' አለች። አንተ 'አዎ አዎ' አልክ። እኔን በእጅህ መጣሁ መጣሁ ትለኛለህ።"

ከዚያ ስለ ጎማ አወራ። አንድም አልሰማሁም።

መስመሩ አይቆራረጥም ነበር።

ግንቦት 21፣ እንደገና

ጠይቃኛለች። በደንባችን ወይ ብላ ጠይቃኝ አዎ ብያታለሁ። አውቀው ነበር? አሁን ሳስበው ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ያን ቀንም ነበረ፣ በኮሚቴው ቀንም ነበረ። ከወረዳው ሰዎች ጋር ስጨዋወት ውዬ አፌ በሐበሻ ሰዓት ነበር የሚሠራው። መሳሳቱ የሰው ነው፤ ማንም ይሳሳታል። እኔ ግን የተሳሳትኩትን ለሌላ ሰው አሸከምኩ፤ ያውም ሳልዋሽ፣ አንዲት እውነተኛ ቃል ብቻ ተናግሬ።

ኢሜይሉም ለሥርዓት አልነበረም። ውጭ አገር ያሉት ሰዎች የሚያውቁት ስም የኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኔ 3

ሥራ ለቀቀች። ሃና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ይፈልግ ነበር፤ ተቀጠረች። የሰማሁት ከአሚራ ነው። "እናቷ አልጋ ሊገዙላት እኔ ጋ መጥተው ነበር" አለችኝ።

ሰኔ 5

እትዬ የሺመቤት ቤት ሄድኩ። በር የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ይግቡ አሉኝ፣ ወንበር ጠረጉልኝ፣ ውሃ አቀረቡልኝ፣ ከዚያ ጓዳ ገብተው አልተመለሱም። ዮርዳኖስ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ ትደረድር ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። "በደንባችን ብለሽ ጠይቀሽኛል፣ አዎ ብዬሻለሁ" አልኳት። የኢሜይሉንም ነገር።

እየደረደረች ሰማችኝ። "ማለትዎን አውቃለሁ" አለች። "እኔ ነኝ እኮ የሰማሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እዚያው ብትናገሪ…"

"የእርስዎ ቃልና የኔ ቃል ቢጋጭ ማንን እንደሚያምኑ ያውቃሉ። ደግሞ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነው።" ካርቶኑን በፕላስተር አሸገች። "ቢዋሹ ይሻለኝ ነበር። አልነገርኳትም፣ ወይም ረስቼዋለሁ፣ ብቻ አንዳች ነገር ቢዋሹ። ውሸት ቢሆን ውሸት ነው ብዬ እከራከረው ነበር። እውነቱን ሲናገሩ ምን ልበል?"

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ አስተካክላለሁ አልኳት። "እንደ ፈቀዱ" አለች። ቸር ይግጠምዎ ብላ እስከ በር ሸኘችኝ። የሸኘችኝ በሥርዓት ነው።

ሰኔ 19

ተናገርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደምል ሳሰናዳ አድሬ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ እጄን አወጣሁ። ስሕተቱ የኔ ነው፣ ጠይቃኝ ተሳስቼ አረጋግጬላታለሁ፣ እዚህ ስትወቀስም ዝም ብያለሁ አልኩ። ይነሱብኛል፣ ያዋርዱኛል ብዬ ነበር።

ወልደሰማያት ሰዓቱን አየ፤ ምሳ ደርሷል። "ዶክተር፣ ቅንነትዎን እናደንቃለን። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ" አለ። ማራዘሚያዋ እንዲታይ ጠየቅሁ። ሥራ የለቀቀ ሰው አይታይም፣ ኮታውም ለኬሚስትሪ ተሰጥቷል አለኝ። አንዱ አባል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ሰው ነህ" አለኝ። ከዚያ ሁሉም ምሳ ሄዱ።

ስሟን ያጠፉት ሁሉም ነቅተው እያዳመጡ ነው። ስመልሰው የሰማኝ የለም።

ሐምሌ 2

ላብራቶሪው አንድ ፈረቃ ሰጠን። ሐምሌ 17። የተጠሪ ስም ሲጠይቁ የዮርዳኖስን ስምና ኢሜይል ላክሁ። ለእሷም ጻፍኩላት፤ ሃና ኔትወርክ ሲኖር ታየዋለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ክረምት ነው፣ መኪና እልክልሻለሁ አልኳት። ከኤርጎ ጋርም መልእክት ላክሁ።

ሐምሌ 11

ኤርጎ ተመለሰ። "ደህና ናት። ተማሪ ሰብስባ ክረምት ታስተምራለች። አልመጣም አለች፣ ሰላም በልልኝ አለች።" ለላብራቶሪውም ራሷ ጽፋላቸዋለች፤ ተጠሪው ዶክተር ሙሉቀን ነው ብላ።

ሐምሌ 17

ጠዋት በሌሊት ሄጄ ተቀመጥኩ። ፈረቃው ሲጀመር ሰዎቹ ከየት እንነሳ አሉኝ። የኔን ሳይሆን የዮርዳኖስን ስሌት ሰጠኋቸው። እርምጃውን እጅግ አሳነስነው። ከምሳ በፊት ቆጠራው ቀስ ብሎ ዘቀጠ፤ ከዚያ ሽቅብ ተነሣ፣ ከዚያ እንዳልነበረ ሆነ። ጠባቡ ሬዞናንስ። ደግመን አለፍንበት፣ ደግሞ መጣ። እሷ ያለችበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ካልኩበት ብንነሳ ዘለነው ነበር።

ላብራቶሪው ውስጥ ያሉት ሰዎች አጨበጨቡ፣ በስክሪኑ ይሰማኛል። እኔ ቢሮ ውስጥ ማንም የለም። "ወጣ" ብዬ ለበሩ ተናገርኩ።

ሐምሌ 20

ዛሬ ስልኳ ሠራ።

"ተገኘ" አልኳት። "አንቺ ባልሽበት ቦታ።"

"ስፋቱስ?" አለች። ነገርኳት። "ከገመትኩት ጠበብ ይላል" አለች፣ ለቅጽበት ያ የድሮው ድምፅዋ ነበር። ልቤ ተስፋ አደረገ።

"ጽሑፉ ላይ የመጀመሪያው ስም ያንቺ ነው" አልኳት። "ሥራው ያንቺ ነው። በዚህ ሌላ ቦታ ትቀጥያለሽ፣ እኔ እጽፍልሻለሁ።"

"አይሆንም ዶክተር።"

"እንዴት አይሆንም? ያንቺ ስሌት ነው እኮ።"

"ስሌቱን ይጠቀሙበት። ስሜን ግን አያስገቡ።" ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ፤ ዝም በሉ አለቻቸው። "በቦታው የተገኘ ሰው አልነበረም ተብሎ ተጽፏል። እርስዎም እዚያው ተቀምጠው አጽድቀውታል። አሁን ነበርኩ ብዬ ልፈርም? አልነበርኩም።"

ረቂቁ ላይ የጻፍኩትን ስሟን አየሁ።

"ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው" አለች። "ደህና ይዋሉ።"

ሐምሌ 28

ጽሑፉን ጨረስኩት። ግራፉ ያምራል። ከላይ ያለው ስም የኔ ብቻ ነው፤ ድሮ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር።